ጥፋቱ የእግር ነው ወይስ የመኪና?

የቀድሞ ሰዎች በቅሎ ጌታዋን ጥላ በገደለች ጊዜ ነገሩን ባንድ ወገን ብቻ መርምረው አይተዉትም ነበር። ጋላቢው ሰክሮ ነበር ወይ? በቅሎዪቱ ደንባራ ናት ወይ? አሽከሩ ኮርቻውን አጥብቆ ጭኗል ወይ? ሻጩስ ደንባራነቷን እያወቀ ለገዢው ሳይነግር ሸጧት እንደ ሆነ? ይህ ሁሉ ይጠየቅ ነበር። በቅሎ ፈቃድ አላት፤ ትደነግጣለች፣ ትቈጣለች፣ እልኽ ትይዛለች። መኪና ግን ይህ ሁሉ የላትም። ስለዚህ አንዲት መኪና ነጂዋ ሳያዛት ከነፈች በተባለ ጊዜ ሰዎች ፈጥነው በሁለት ይከፈላሉ፤ አንዱ ወገን ነጂው በፍሬን ፈንታ ነዳጅ መስጫውን ረግጦ ነው ይላል፤ ሁለተኛው ወገን ሠሪው አበላሽቶ ሠርቷት ነው ይላል። ሦስተኛ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። እኔም ለወጣት አንባቢዎቼ ላነሣላቸው የፈለግሁት ያንን ሦስተኛውን ነው፤ እርሱም፣ አደጋው ሳይደርስ በፊት ያውቅ የነበረ ማነው? ካወቀ በኋላስ ምን አደረገ? የሚል ነው።

በዚህ ነገር ከሁለት ወዳጆቼ ጋር ብዙ ጊዜ ተከራክረናል። አንደኛው ከሠላሳ ዓመት በላይ የጭነት መኪና የነዳ ሰው ነው፤ ሁለተኛው መካኒክ ነው። ሹፌሩ «መሪ የያዘ እጅ ይጠየቃል» ብሎ ነገሩን ባንድ ቃል ይዘጋዋል። መካኒኩ ደግሞ «ብረትም ሲዋሽ አይቻለሁ» ይላል፤ ትናንት መንገድ ላይ የታመመች መኪና ዛሬ ጋራዥ ስትገባ ጤነኛ ሆና የምትገኝበት ጊዜ አለና።

በመጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ማወቅ ይገባል። አውቶማቲክ ማርሽ ያላት መኪና ፍሪሲዮን ስለሌላት በነጂው እግር ሥር ያሉት መርገጫዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ በግራ ያለው ፍሬን፣ በቀኝ ያለው ነዳጅ መስጫ ነው። ሁለቱንም የሚረግጠው ያው ቀኝ እግር ነው። ነጂው መርገጫዎቹን አያያቸውም፤ እግሩ በልማድ ያገኛቸዋል። አንዳንድ ጊዜ ግን አካሉን ጥቂት ዘንበል ሲያደርግ፣ ወይም ዞሮ ወደ ኋላ ሲመለከት፣ እግሩ ነዳጅ መስጫው ላይ ያርፋል። መኪናዪቱ ተፈትልካ ስትሄድ ይደነግጥና ፍሬን የያዘ እየመሰለው አጥብቆ ይረግጣል፤ ባጠበቀ ቍጥር ፍጥነቷ ይጨምራል። ኋላ «ፍሬን ረግጬ ነበር» ብሎ ቢምል ውሸታም አይባልም፤ ያመነውን ነው የተናገረው። ስሕተትን ከውሸት መለየት የማይችል ሰው በሌላው ላይ ለመፍረድ ባይቀመጥ ይሻላል።

መኪናዪቱም ራሷ የምትታመምባቸው መንገዶች አሉ። ነዳጅ መስጫው ወለሉ ላይ በተነጠፈው ምንጣፍ ሊያዝ ይችላል፤ ተረግጦ ሲለቁት ሳይመለስ ሊቀር ይችላል፤ የሚስበው ሽቦ ሊነክስ ይችላል። በዛሬዎቹ መኪናዎች ሽቦው ቀርቶ ትእዛዙ የሚተላለፈው በኤሌክትሮኒክ ስለሆነ፣ ብልሽት ቢደርስ በዓይን የሚታይ ምልክት ላይተው ይችላል። ከዚህም ሌላ ሞተሩ ሙሉ ነዳጅ እየተሰጠው ሳለ ነጂው ፍሬኑን እየረገጠ እየለቀቀ ቢደጋግም፣ ፍሬኑን የሚያግዘው የአየር ስበት ያልቅና መርገጫው እንደ ድንጋይ ይጠነክራል።

አሁን ሁለቱን ወገኖች የሚያሳፍሩ ታሪኮች ልናገር። ሁሉም የሆኑት በአሜሪካ ነው፤ ዓመቶቻቸውንም እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ። በ1986 ሲ.ቢ.ኤስ. የሚባለው ቴሌቪዥን ጣቢያ «ስድሳ ደቂቃ» በተባለው ዝግጅቱ፣ አውዲ 5000 የምትባለው የጀርመን መኪና ሳትታዘዝ እየከነፈች ሰው ትጎዳለች ሲል አሳየ። ከቀረቡት ሰዎች መካከል የስድስት ዓመት ልጇ የጋራዥ በር ሊከፍትላት ወርዶ ሳለ በገዛ መኪናዋ የሞተባት እናት ነበረች። ነዳጅ መስጫው በራሱ ሲወርድም በፊልም ታየ። ተመልካቹ ያልተነገረው ነገር፣ ያቺ መኪና ለፊልሙ ሲባል ማርሿ ተበስቶ ግፊት የገባባት መሆኑን ነው። የኩባንያው ገበያ ወደቀ፤ በ1985 በአሜሪካ 74 ሺህ ያህል መኪና የሸጠው በ1991 የሸጠው 12 ሺህ ያህል ብቻ ነው። በ1989 የአሜሪካ መንግሥት የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ምርመራውን ሲጨርስ፣ አብዛኛው አደጋ የደረሰው ነጂዎቹ በፍሬን ፈንታ ነዳጅ መስጫውን ስለ ረገጡ ነው አለ።

ሹፌሩ ወዳጄ ይህን ሲሰማ እጁን አጨበጨበ። ነገር ግን መርማሪዎቹ ሌላም ነገር ጨምረዋል፤ የመርገጫዎቹ አቀማመጥ እግርን ለማሳሳት የተመቸ መሆኑንና የሞተሩ ፍጥነት አንዳንዴ በድንገት ከፍ ብሎ ነጂውን ሊያስደነግጥ መቻሉን ጽፈዋል። መድኃኒቱም የተገኘው ከመኪናው በኩል ነው። እግር ፍሬን ላይ ካላረፈ ማርሹ ከማቆሚያው እንዳይወጣ የሚያደርግ መቈለፊያ ተሠራ፤ ያ መቈለፊያ ዛሬ በሌሎች ኩባንያዎች አውቶማቲክ መኪናዎችም ላይ ይገኛል። ስሕተቱ የእግር ቢሆንም እግሩ እንዲሳሳት በሩን የከፈተለት ሌላ ሰው ሊሆን እንደሚችል ሹፌሩ ወዳጄ እስካሁን አልተቀበለልኝም።

ሁለተኛው የቶዮታ ነገር ነው። በኦገስት 2009 በካሊፎርኒያ፣ በሳን ዲዬጎ አጠገብ፣ አንድ የመንገድ ፖሊስ ከቤተ ሰቡ ጋር በውሰት ሌክሰስ መኪና ሲሄድ መኪናዪቱ አልቆም ብላ አራቱም ሞቱ። ነጂው መንዳትን እንደ ሙያ የተማረ ሰው ነበር። ሲመረመር የሌላ ሞዴል ምንጣፍ ተነጥፎባት ነዳጅ መስጫውን ይዞት ተገኘ። ከጥቂት ቀን በፊት ያችኑ መኪና ተውሶ የነበረ ሌላ ደንበኛ እንዲሁ ምንጣፉ መርገጫውን ይዞበት በጭንቅ አስለቅቆ፣ መኪናዪቱን ሲመልስ ለእንግዳ ተቀባዩ ነግሮ ነበር። ምንጣፉ ግን አልተነሣም።

እኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ብዙ ጊዜ የማስበው ስለዚያ እንግዳ ተቀባይ ነው። መኪና አልሠራም፣ አልነዳም፣ ምንጣፉንም አላነጠፈም። አንድ ወሬ ብቻ ሰማ። እንዲህ ያለ ወሬ በያንዳንዱ መሥሪያ ቤት በየቀኑ ይሰማል፤ ደረጃው ተሰብሯል፣ መብራቱ ይነዝራል፣ ጉድጓዱ አልተከደነም ይባላል። ሰሚው ራሱን ይነቀንቅና ወደ ሥራው ይመለሳል። ይህን ሰው አልጠላውም፤ እንዲያውም አዝንለታለሁ፤ ነገር ግን አላወቅሁም ብሎ ማምለጥ አይችልም። ምንጣፍ ለማንሣት ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ከእርሱ በላይ ያሉት ደግሞ ከእርሱ የበለጠ ያውቁ ነበር። ኩባንያው ጥፋቱ የምንጣፍ ነው ብሎ ምንጣፍ ሲያስለቅም፣ ከምንጣፉ ሌላ ተረግጦ ቶሎ የማይመለስ መርገጫ እንዳለ ያውቅ ነበር፤ ለኤውሮፓ ነጋዴዎቹም መጠገኛውን አስቀድሞ ነግሯቸዋል። በአሜሪካ ሊደረግ የታሰበው ማሻሻያ ግን መንግሥት እንዳያውቅ ተብሎ ተሰረዘ፤ ስለ መሰረዙም በጽሑፍ አንዳች እንዳይቀመጥ ታዘዘ። የበቅሎን አባት ቢጠይቋት ፈረስ አጎቴ ነው አለች እንደሚባለው ነው፤ ስለ መርገጫው ሲጠየቁ ስለ ምንጣፉ መለሱ። በማርች 2014 ኩባንያው ይህን መደበቁን አምኖ 1.2 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ልብ በሉ፤ የተቀጣው መርገጫው ስለ ተበላሸ ሳይሆን ብልሽቱን ስለ ደበቀ ነው።

በኤሌክትሮኒኩ ነገር ግን ሊቃውንት አልተስማሙም። ናሳ የተባለው የጠፈር መሥሪያ ቤት መሐንዲሶች መርምረው፣ መኪናን እንዲህ የሚያከንፍ የኤሌክትሮኒክ ጉድለት አላገኘንም ማለታቸው በ2011 ተገለጠ፤ በ2013 ደግሞ በኦክላሆማ ሸንጎ አንድ የኮምፒዩተር ሊቅ የሶፍትዌሩን ጉድለት ካስረዳ በኋላ ጁሪው በኩባንያው ላይ ፈርዶ 3 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ወሰነ።

ሦስተኛው ታሪክ በሚኒሶታ፣ በሴንት ፖል ከተማ የሆነ ነው። በጁን 2006 አንድ ስደተኛ ነፍሰ ጡር ሚስቱንና ቤተ ሰቡን በ1996 ሞዴል ካምሪ ጭኖ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ መኪናው ከነፈበትና የቆመች ሌላ መኪና ገጨ። አባትና ልጅ ወዲያው ሞቱ፤ አንዲት ትንሽ ልጅም ሽባ ሆና ቆይታ በኋላ ሞተች። ሰውዬው «ፍሬን ረግጬ ነበር» አለ። ማንም አላመነውም፤ የራሱ ጠበቃ ሳይቀር ነዳጅ መስጫውን ረግጦ ይሆናል ብሎ ተናገረ። ስምንት ዓመት እስራት ተፈረደበት።

በ2010 የቶዮታ ወሬ ሲነፋ መኪናው እንደገና ተመረመረ፤ ሌሎች የካምሪ ነጂዎችም እኛንም እንዲህ ገጥሞናል ብለው መሰከሩለት። ከሟቾቹ ቤተ ሰብ እንኳ ይፈታ ብለው የቆሙለት ነበሩ። ዐቃቤ ሕጉ፣ ጥፋተኛነቱ በመዝገብ እንዳለ ይቈይና ከእስር ይውጣ የሚል ስምምነት አቀረበለት። ሰውዬው ልጆቹ በውጭ እየጠበቁት እንቢ አለ። ያላደረግሁትን አደረግሁ ተብሎ ተጽፎብኝ አልወጣም ማለቱ ነው። ዳኛዋ እንደገና ይታይ ብላ ወሰነች፤ ዐቃቤ ሕጉም ክሱን ተወ፤ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ከታሰረ በኋላ ተፈታ። በ2015 በካሳው ክርክር ጁሪው ከጥፋቱ 60 በመቶው የኩባንያው፣ 40 በመቶው የነጂው ነው ብሎ ወሰነ፤ ካሳውም ወደ 11 ሚሊዮን ዶላር ተጠጋ። ኩባንያው መኪናው ጥፋት የለበትም ማለቱን አልተወም፤ ይግባኙ ግን በ2017 ፍርዱን አላፈረሰለትም።

መካኒኩ ወዳጄ «አርባው ለምን?» ብሎ ተቈጣ። ሹፌሩ ደግሞ «ስድሳው ለምን?» አለ። እኔ ጥፋት እንደ ጤፍ ተሰፍሮ መከፈሉ መልካም መስሎ ይታየኛል፤ ሰው ሁሉ ድርሻውን ይዞ ይሄዳልና። ነገር ግን ስፍሩ የሚያገለግለው ለገንዘብ ነው። የእኛም አገር የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ ይህን በሚገባ ለይቶታል፤ በ2081ኛው አንቀጽ መኪናው ላደረሰው ጉዳት፣ ሌላ ሰው ያለ ፈቃድ ነድቶት እንኳ ቢሆን፣ ባለቤቱ ይከፍላል ይላል፤ ተሰርቆበት እንደ ነበረ ካላስረዳ በቀር አይድንም። በ2085ኛው ደግሞ ለትርፍ ሠርቶ ለሕዝብ የሚሸጥ ሰው ዕቃው እንደ ተለመደው ሲሠራበት ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል። የተጎዳው ሰው እግር ነው መኪና ነው የሚለው ክርክር እስኪያልቅ ተርቦ እንዳይቈይ ነው። ይህ ሕግ ባለቤቱን ክፈል ይለዋል እንጂ ክፉ ነህ አይለውም።

የክፋቱ ነገር ሲነሣ እኔ የምፈርደው በእውቀት ልክ ነው። እግሩ የሳተው ሰው በዚያች ቅጽበት የሚያውቀው ነገር አልነበረም። በጽሑፍ እንዳይቀመጥ ያለው ግን ያውቅ ነበር፤ እንዲያውም ባያውቅ ኖሮ ጽሑፉን ባልፈራው። በእኔ ሚዛን በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከ60ና ከ40 እጅግ ይበልጣል። ሹፌሩ ወዳጄ ይህ ለሟቹ ምን ይረባዋል ይለኛል። ለሟቹ አይረባም፤ ለሚቀጥለው መንገደኛ ግን ይረባል፤ ያ እንግዳ ተቀባይ ተነሥቶ ምንጣፉን ቢያነሣ አራት ሰዎች ወደ ቤታቸው በገቡ ነበርና።

ሁለቱ ወዳጆቼ በጥፋቱ ባይስማሙም በአደጋው ጊዜ በሚደረገው ነገር ተስማምተዋል። መኪና ስትከንፍ ፍሬኑን ባንድ ጊዜ በሙሉ ኀይል ረግጦ አለመልቀቅ፣ ማርሹን ዜሮ ማድረግ፣ ከቆመች በኋላ ሞተሩን ማጥፋት ነው። እየሄደች ቍልፉን መንቀል አይገባም፤ መሪው ሊቈለፍ ይችላል። ያቺ የተዋሱዋት ሌክሰስ ቍልፍ ሳይሆን ቍልፍን የሚተካ ማጥፊያ ነበራት፤ በጕዞ ላይ ለማጥፋት ሦስት ሰከንድ ያህል ተጭኖ መቈየት ያስፈልግ ነበር። ዛሬ የሚሠሩ ብዙ መኪናዎች ፍሬን ሲረገጥ ነዳጁን ራሳቸው ይቀንሳሉ፤ በየመንገዳችን ከሚሄዱት አሮጌዎቹ ብዙዎቹ ግን ይህ የላቸውም። የሰው መኪና የሚዋስ ወጣት ሞተሩ እንዴት እንደሚጠፋ ይጠይቅ፤ ከመቀመጡ በፊትም ጐንበስ ብሎ ምንጣፉን ይይ።