ጋጣውን የሚጠይቅ ገዢ

እናንተም ሊንክድኢን ላይ ገጽ ይኖራችሁ ይሆናል። ፎቶግራፍ፣ የተማራችሁበት ዩኒቨርሲቲ፣ የሠራችሁባቸው መሥሪያ ቤቶች፣ የወሰዳችኋቸው ሥልጠናዎች፣ ሁሉም በተራ ተደርድሮ የሚታይበት። እኔም አለኝ። የውሃ ሀብት ባለሙያ ነኝ፤ የምኖረው ባሕር ዳር ነው፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ዛሬ የማጫውታችሁ ነገር የደረሰብኝ በ2012 ዓ.ም. ነው። እስካሁን ከቤተሰቤና ከሥራ አለቃዬ በቀር ለሰው አላወራሁትም፤ ምክንያቱም ያሳፍራል።

ኅዳር ላይ ነው። ልጆቹን አስተኝቼ ስልኬን ስነካካ በሊንክድኢን አንድ መልእክት ገባ። የላከችው ሴት ናት፤ ፎቶዋ ላይ ፈገግ ብላለች፤ አውሮፓ ውስጥ ባለ አማካሪ ድርጅት እንደምትሠራ ትናገራለች። የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፌን ርዕስ ጠቅሳ «ሥራሽን አንብበን በጣም ወደድነው» አለችኝ። አሁን ሳስበው የያዘኝ ይኼ ቃል ነው። ያንን ጽሑፍ ከእኔና ከአማካሪዬ በቀር ያነበበው ሰው ያለ አይመስለኝም። ባለቤቴ እንኳ ያነበበው የምስጋናውን ገጽ ብቻ ነው፤ እሱንም ስሙ ስላለበት።

የጠየቀችኝ ነገር ቀላል ነበር። ስለ ዓባይ ተፋሰስ የዝናብ ሁኔታ፣ ከታተሙ ጥናቶች ብቻ ተነሥቼ አምስት ገጽ እንድጽፍ። ክፍያው 300 ዶላር። በሁለት ምሽት ጨረስኩት። ገንዘቡ በሳምንቱ በዌስተርን ዩኒየን መጣ፤ በጊዜው ምንዛሪ ከ9 ሺህ ብር ይበልጣል፤ በእጄ የሚገባው የወር ደመወዜ ማለት ነው። ባንክ ቤት «ላኪው ማን ይባላል?» ስባል ግን ከስልኬ እያየሁ ያነበብኩት የማላውቀውን የወንድ ስም ነው። የሴትየዋም፣ የድርጅቱም ስም አልነበረም። እንዴት አልከነከነኝም? የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ በመጨመሩ እኔና ባለቤቴ ከመስከረም ጀምሮ ስንጨቃጨቅ ነበር። ብሩን ስቆጥር ስለ ላኪው አላሰብኩም።

ለባለቤቴም አልነገርኩትም። ለክፋት አይደለም። የሁለተኛውን መንፈቅ ክፍያ ከፍዬ ደረሰኙን ጠረጴዛ ላይ ላስቀምጥለት ነበር ሐሳቤ። ምሥጢር በትዳር ውስጥ ሲገባ ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ደግ ምክንያት ይዞ ይመስለኛል የሚገባው።

ሁለተኛው ሥራ በገና ሰሞን መጣ፤ ክፍያው 500 ዶላር። «የታተመውን ማንም ያገኘዋል፤ እኛ የምንፈልገው የውስጥ ባለሙያን ዕይታ ነው» አለች። በየትኛው ጉዳይ ላይ የትኛው መሥሪያ ቤት ነው የሚወስነው? ባለሙያዎቹ እነማን ናቸው? እርስ በርስ ይግባባሉ? ከዚያ ደግሞ፣ እንደ ጓደኛ ጨዋታ፣ አንቺስ በደመወዝሽ ደስተኛ ነሽ? አለቃሽ ዋጋሽን ያውቃል? የሥራውን ጥያቄዎች እያድበሰበስኩ መለስኩ። ስለ ደመወዜና ስለ አለቃዬ ግን ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፍኩላት። ማን ጠይቆኝ ያውቃል!

ጥር ሲገባ ሦስተኛው መጣ። ሊንክድኢን አይመችም፣ መልእክቱ በራሱ ወደሚጠፋበት ሌላ መተግበሪያ እንሂድ አለችኝ። ዱባይ ላይ ሙሉ ወጪው የተሸፈነ የአምስት ቀን ሥልጠና አለ፤ ለመሥሪያ ቤትሽ መንገር አያስፈልግም፣ የግል ሥራሽ ነው አለችኝ። በመጨረሻ «ቤተሰቦችሽ እንጅባራ አካባቢ ናቸው አይደል? በዚያ በኩል ወደ ግድቡ ስለሚያልፈው ጭነት የምታስተውይው ነገር ካለ ደስ ይለናል» የሚል ጨመረች። የትውልድ ቦታዬን ነግሬያት አላውቅም። ለካ ፌስቡክ ላይ ያለፈውን ዓመት የበዓል ፎቶ «ዘንገና፣ አገሬ» ብዬ ለጥፌዋለሁ።

መልስ ሳልሰጥ ቤተሰቡን ይዘን ወደዚያችው ዘንገና ሄድን። የማታውቋት ካላችሁ፣ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ስትጓዙ እንጅባራ ከመድረሳችሁ በፊት ከዋናው መንገድ ዳር የምትገኝ ክብ ሐይቅ ናት። ጥንት እሳተ ገሞራ የፈነዳበት ጉድጓድ ነው በውሃ የተሞላው፤ ዙሪያውን ጥቅጥቅ ያለ ደን አለ፤ ጦጣዎቹ የልጅ ብስኩት ከእጅ ይነጥቃሉ። ጥልቀቷ 166 ሜትር ነው ይባላል፤ ከዳር ሆኖ ለሚያያት ግን ልጅ የሚዋኝባት ኩሬ ትመስላለች። ከእንጅባራ ወደ ምዕራብ የሚገነጠለው መንገድ በቻግኒና በግልገል በለስ አድርጎ ጉባ፣ ሕዳሴው ግድብ ድረስ ይዘልቃል። ለእኛ የዘንገና ልጆች ስለዚያ መንገድ መጠየቅ ስለ ጓሯችን እንደ መጠየቅ ነው።

ጊዜውንም አስታውሱት። በዚያው ሳምንት የኢትዮጵያ፣ የግብፅና የሱዳን ሚኒስትሮች ዋሽንግተን ላይ በግድቡ አሞላል ሲከራከሩ ነበር። እኔ ደግሞ ሐይቁ ዳር ተቀምጬ፣ ልጆቼ ከጦጣ ጋር እየተሯሯጡ፣ ስለዚያ መንገድ ልጻፍ ወይስ አልጻፍ እያልኩ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፤ «መኪና ሲያልፍ ማንም ያያል፤ ይኼ ምን ምሥጢር አለው?» ወደሚለው አዘንብዬ ነበር።

ማታ አባቴ ጋ ሄድኩ። አባቴ ገበሬና ፈረሰኛ ናቸው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ከተመሠረተ ጀምሮ የአካባቢያችን ሰው ጥር 23ን በፈረስ ነው የሚያከብረው፤ እሳቸውም ለማግሥቱ በዓል ፈረሳቸውን በፋኖስ እያሻሹ ነበር። «አባዬ፣ ውጭ አገር ያለ ሰው ሥራ እየሰጠ ብር ይልክልኛል» አልኳቸው። «እሰየው። ምን ሠርተሽለት?» አሉኝ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው፤ የእንጅባራውን መንገድ ጭምር። ዝም ብለው አንዱን ጎን አሽተው ወደ ሌላው ዞሩ። ከዚያ፦

«ልጄ፣ ፈረስ ሊገዛ የመጣ ሰው ጥርሱን ገልጦ ያያል። ኮቴውን ያነሣል። እስቲ ልጋልበው ይላል። ከዚያ ዋጋ ተወደደ ብሎ ሲጨቃጨቅሽ ይውላል። ጥርሱን ሳያይ፣ በዋጋ ሳይከራከር፣ ማታ የት ያድራል፣ ጋጣው በር አለው ወይ፣ ውሻ አላችሁ ወይ ብሎ ከጠየቀሽ ግን እሱ ፈረስ ገዢ አይደለም» አሉኝ።

እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሁለቱን ጽሑፎቼን በሐሳቤ ገለጥኳቸው። አንድም ጊዜ «ይኼ አኃዝ ከየት መጣ?» ተብዬ አልተጠየቅሁም። አንድ ቃል እንኳ አላረሙልኝም። በዋጋም አልተከራከሩኝም። ያነበቡት የደመወዜንና የአለቃዬን ሁለት ገጽ ነበር።

የማግሥቱን በዓል ሰው አየው፣ እኔ አላየሁትም። ወደ ባሕር ዳር ስንመለስ ዳንግላ ላይ ለምሳ ቆምን፤ ልጆቹ እጃቸውን ሊታጠቡ ሲነሡ ለባለቤቴ ነገርኩት። የቆረሰው እንጀራ በእጁ እንደያዘ ቀረ። «ብሩ ስንት ነው?» ሳይሆን «ከመቼ ጀምሮ?» ነበር ያለኝ። ከኅዳር ስለው፣ «በትምህርት ቤቱ ክፍያ ስንጣላ በእጅሽ ነበር ማለት ነው» አለ። እስከ መራዊ ድረስ አልተናገረኝም። መራዊን ስናልፍ መኪናውን ዳር አስይዞ «ሰኞ ጠዋት ለአለቃሽ ትነግሪዋለሽ፤ ከፈለግሽ አብሬሽ እሄዳለሁ» አለኝ። ሄደም። ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

አለቃዬ ይጮህብኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን በሩን ዘግቶ የራሱን ስልክ አሳየኝ። ያች ሴት አይደለችም፤ ሌላ ፎቶ፣ ሌላ ድርጅት፣ ግን ያው «ሥራህን አንብበን ወደድነው»። ከእኛ ክፍል ብቻ አራት ሰው ተጠይቆ ኖሯል፤ እያንዳንዳችን ብቻችንን የተመረጥን መስሎን ዝም ብለናል። ጉዳዩ ለሚመለከተው ክፍል በጽሑፍ ቀረበ። እኔም የጻፍኩትን ሁሉ አትሜ ሰጠሁ፤ ስለ አለቃዬ የጻፍኩትን ሁለት ገጽ ጨምሮ። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አታስወሩኝ።

የሴትየዋ ገጽ በወሩ ጠፋ። ማን እንደነበረች፣ ለማን እንደምትሠራ የነገረኝ የለም።

ሐምሌ ላይ፣ የግድቡ የመጀመሪያ ሙሌት መጠናቀቁ በተበሠረበት በዚያው ሳምንት፣ ዲክሰን ዮ የተባለ የሲንጋፖር ሰው አሜሪካ ፍርድ ቤት ቀርቦ ለቻይና የስለላ ሰዎች መሥራቱን አመነ። የዶክትሬት ተማሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የሐሰት አማካሪ ድርጅት ከፍቶ የሥራ ማስታወቂያ ሲያወጣ ከ400 በላይ ሰዎች የሥራ ታሪካቸውን ላኩለት፤ አብዛኞቹ ምሥጢር የመያዝ ፈቃድ ያላቸው የአሜሪካ ወታደሮችና የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩ። በሊንክድኢን ካገኛቸው ሰዎች ላይ ይፈልግ የነበረው ደግሞ በሥራው የተከፋ፣ ገንዘብ የቸገረው፣ የሚያሳድገው ልጅ ያለው መሆኑን ነው። «የሚያሳድገው ልጅ» የሚለውን ሳነብ ስልኩን አስቀምጬ ወደ ልጆቹ መኝታ ቤት ሄድኩ። ዮ የ14 ወር እስራት ተፈረደበት።

ከእሱ በፊት ኬቪን ማሎሪ አለ። የቀድሞ የሲአይኤ ባልደረባ፣ ቻይንኛ አቀላጥፎ የሚናገር፣ የቤት ዕዳ ያጎበጠው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2017 በሊንክድኢን የተጻፈለትን መልእክት ተከትሎ ሁለት ጊዜ ሻንግሃይ ሄደ፤ 25 ሺህ ዶላር ተቀበለ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የ20 ዓመት እስራት ተፈረደበት። የእንግሊዙ የደኅንነት መሥሪያ ቤት ኤምአይ 5 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 በአምስት ዓመት ውስጥ ከ10 ሺህ በላይ እንግሊዛውያን በእንዲህ ያለ የሐሰት ገጽ መቀረባቸውን ገልጾ ዜጎቹን የሚያስጠነቅቅ ዘመቻ ከፈተ።

«ይኼ የትልልቆቹ አገሮች ጨዋታ ነው፤ እኛን ማን ይፈልገናል?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ዓባይ የእኛ ነው፤ የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ነው። የፈረንሳዩ ለ ሞንድ ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በ2018 የኅብረቱ ኮምፒውተሮች መረጃ ለዓመታት በየሌሊቱ ወደ ሻንግሃይ ሲተላለፍ ነበር ብሎ ጽፏል፤ ቻይና ክሱን ውሸት ብላዋለች። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የመንግሥት ኮንትራት ሠራተኛ የነበረ ትውልደ ኢትዮጵያዊ በስለላ መከሰሱ ይፋ ሲሆን ወሬው በየቤታችን ቡና ላይ ነበር። ሰው ሁሉ ስለ ፖለቲካው ሲያወራ እኔ የማስበው ስለ ቤተሰቡ ነበር። ያውቁ ነበር? ጠይቀውት ይሆን?

ይህን ስል ሊንክድኢናችሁን ዝጉ ማለቴ አይደለም። ከዚያ በኋላ እኔም በዚያው ገጽ እውነተኛ የማማከር ሥራ አግኝቻለሁ። ልዩነቱ ያስቃል፤ እውነተኞቹ አሰልቺ ናቸው። ውል ይልካሉ፣ የግብር መለያ ቁጥር ይጠይቃሉ፣ ከመሥሪያ ቤትሽ የድጋፍ ደብዳቤ አምጪ ይላሉ፣ ገንዘቡ በድርጅቱ ስም ወደ ባንክ ሒሳብ ይገባል፣ ያውም ዘግይቶ። ጽሑፌን ሦስት ጊዜ መልሰውብኛል። አንዱ በዋጋ ሲከራከረኝ ደስ ብሎኝ ለአባቴ ደወልኩላቸው።

ገጼን ግን አራግፌዋለሁ። የተሳተፍኩባቸውን ፕሮጀክቶች ስምና ዝርዝር አጠፋሁ፤ የፌስቡኬን ፎቶዎች ከዘመድ በቀር እንዳያያቸው አደረግሁ። ቤታችን ውስጥ ደግሞ ከየትም የሚመጣ ገንዘብ፣ 500 ብርም ቢሆን፣ ከማን እንደሆነ እራት ላይ ይነገራል። ባለቤቴ መጀመሪያ ሰሞን ይህን ሕግ ሲያስከብር የጉምሩክ ፈታሽ ይመስል ነበር፤ አሁን ለምደነዋል።

ትልቋ ልጄ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የራሷን ሊንክድኢን ከፈተች። በሳምንቱ መጥታ «እማዬ፣ አንድ ድርጅት ጽፎልኛል» አለችኝ። አብረን አነበብነው። የመጀመሪያው መስመር ላይ «ፕሮፋይልሽ በጣም ማረከን» ይላል። ቀና ብላ አየችኝና «ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ እኮ፣ ምኔ ነው የማረካቸው?» አለች።

አያቷ ይህን ሲሰሙ ሳቁ። በየጥሩ ስንሄድ «ያች ጋጣ ጠያቂሽ ደኅና ናት?» እያሉ የሚቀልዱብኝ እኔ ላይ ብቻ ነበር፤ አሁን ለልጄም ተረኛ ሆኗል።