ጎህ ሳይቀድ መንቃት ለሚያቅታችሁ

በየቤተ ክርስቲያናችን ስለ ማለዳ ብዙ ተሰብኳል። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ የጸለየ ሰው ምስክርነት ሲሰጥ ደስ ብሎን "አሜን" እንላለን። እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ቃሉን ሲያጠና ያመሸ ሰው ግን ይህንኑ ሊመሰክር መድረክ ላይ ሲወጣ አላየሁም። ቢወጣ እንኳ "ታዲያ ጠዋት በስንት ሰዓት ተነሣህ?" ብሎ የሚጠይቀው አይጠፋም። ይህን የምጽፈው በዋናነት ለዚያ ላልመሰከረው ሰው ነው። የማለዳ ሰዎች የሆናችሁም አንብቡት፤ አጠገባችሁ የሚያንቀላፋ ወንድም ወይም እህት አይጠፋምና።

እኔም ከእነዚያው ወገን ነኝ። ልጅ ሳለሁ እናቴ "ይህ ልጅ ከጅብ ጋር ነው የሚነቃው" ትለኝ ነበር። ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ አእምሮዬ ገና ይከፈታል፤ ያነበብኩት ይገባኛል፣ ጸሎቴም ቃል አያጣም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ግን ስሜን ብትጠይቁኝ አስቤ ነው የምመልስላችሁ። ኮሌጅ በነበርኩባቸው ዓመታት የተማሪዎች ኅብረታችን በየቀኑ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ የጸሎት ጊዜ ነበረው። እሄድ ነበር። አንድ ቀን ዓይኔን ጨፍኜ ቆሜ ሳለሁ ጉልበቴ ከዳኝና ወደ ኋላ ተንገዳገድኩ፤ ከኋላዬ የነበረው ወንድም መንፈስ ቅዱስ የነካኝ መስሎት እያለቀሰ ደገፈኝ። እኔ እኮ ተኝቼ ነበር! ከዚያን ቀን ጀምሮ ግድግዳ አጠገብ መቆም ጀመርኩ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ አገልጋይ "የእንቅልፍ መንፈስ አለብህ" ብሎ እጁን ጭኖ ጸለየልኝ። በቅንነት ነው ያደረገው። በማግስቱ ግን ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ እንደ ወትሮዬ ነቅቼ ተቀምጫለሁ። ጠዋት ጠዋት የሚያስተኛኝ መንፈስ ማታ ማታ ለምን እንደሚያርፍ ያኔም አልገባኝም፣ ዛሬም አልገባኝም።

የገባኝ ሌላ ነገር ነው። እግዚአብሔር ሰውን ሲሠራ በውስጡ ሰዓት አስቀምጦለታል። አእምሯችን ውስጥ፣ የሁለቱ ዓይኖች ነርቮች ከሚገናኙበት ቦታ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ብርሃንና ጨለማን እየተከተለ የምንነቃበትንና የምንተኛበትን ጊዜ የሚመራ በጣም ትንሽ የሕዋሳት ስብስብ አለ። ሲመሽ ሜላቶኒን የሚባለው ሆርሞን ይጨምርና ለሰውነት "መሽቷል" ብሎ ይነግረዋል። ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮስባሽና ማይክል ያንግ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ይህ ሰዓት በሕዋስ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ በፍራፍሬ ዝንቦች ላይ መርምረው በማሳየታቸው በ2017 እ.ኤ.አ. የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። በዝንብ ላይ! የፈጣሪን ጥንቃቄ ማየት ከፈለጋችሁ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ?

ይህ ሰዓት የሁሉም ሰው እኩል አይሄድም። የአንዱ ይቀድማል፣ የሌላው ይዘገያል፤ ከፊሉም ከወላጅ የሚወረስ ነው። እናንተን የሚመለከተው ደግሞ ይህ ነው፦ ከጉርምስና ጀምሮ የብዙዎች ሰዓት እየዘገየ ይሄድና 20 ዓመት አካባቢ ከሁሉ ይበልጥ ይዘገያል። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ሲጨምር ቀስ በቀስ ወደ ማለዳ ይመለሳል። ስለዚህ የ17 ዓመት ልጅ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ እንቅልፍ እንቢ ቢለው የግድ ዓመፀኛ ሆኖ አይደለም። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ ደግሞ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት እንደሚያስፈልገው የእንቅልፍ ሐኪሞች ይመክራሉ። 5 ሰዓት ተኝቶ 11 ሰዓት የሚነሣው ልጅ ስንት እንደጎደለው እናንተው ቁጠሩት።

አሁን ደግሞ የጸሎቱን ሰዓት የሚወስኑት እነማን እንደሆኑ አስቡ። አባቶቻችን ናቸው። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ብዙዎቹ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ማንም ሳይቀሰቅሳቸው ይነቃሉ። አንድ የማከብራቸው ሽማግሌ "ወጣት ሳለሁ ማለዳ እንዲህ አይቀለኝም ነበር፤ ጸጋው በዛልኝ" ይላሉ። ጸጋው እንደበዛላቸው አልጠራጠርም። ዕድሜም ግን የራሱን አዋጥቷል።

የአገራችን የሰዓት አቆጣጠር ራሱ ለማለዳ ሰው ያደላል። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ብዙም ሳትዛነፍ 12 ሰዓት ግድም ስለምትወጣልን (አዲስ አበባ ላይ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው) ቀኑን ከእሷ ጋር እንጀምራለን። ሁለት ሰዓት ላይ የተነሣ ሰው ሁለት ሰዓት ሙሉ የባከነ ይመስለዋል። ኦሪት ዘፍጥረትን ግን ልብ ብላችሁ አንብቡ፤ የፍጥረት ቀኖች የሚቆጠሩት ከማታ ነው። ማታው ይቀድማል፣ ጠዋቱ ይከተላል። እንግዲያው ቀኑ የሚከፈተው ሰው ሥራውን አስቀምጦ ሲተኛ ነው ማለት ነው፤ ሲነቃ እግዚአብሔር ቀድሞ የጀመረውን ሥራ ይቀላቀላል። እንቅልፍን ከቀኑ የተረፈ ፍርፋሪ አድርጌ አላየውም፤ እንዲህ የማስበው ከዚህ ምዕራፍ የተነሣ ነው።

ጌታ ገና ሳይነጋ ወደ ምድረ በዳ ወጥቶ መጸለዩን ማርቆስ ጽፎልናል፤ ይህን ስብከት ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ሉቃስ ደግሞ ጌታ አሥራ ሁለቱን ከመምረጡ በፊት ተራራ ላይ ሌሊቱን በሙሉ ሲጸልይ እንዳደረ ጽፏል። ያዕቆብ በያቦቅ ማዶ የታገለው ሌሊት ነው። ኒቆዲሞስ የመጣው ሌሊት ነው። ጳውሎስና ሲላስ ፊልጵስዩስ እስር ቤት ውስጥ የዘመሩት በመንፈቀ ሌሊት ነው። ኤልያስ ሞትን በለመነበት ቀን መልአኩ አብልቶ አጠጥቶ እንደገና እንዲተኛ ተወው እንጂ ተነሥና ጸልይ አላለውም፤ መንገዱን የነገረው ሁለተኛ ከቀሰቀሰው በኋላ ነው። አውጤኪስንማ መርሳት አይቻልም። ጢሮአዳ ላይ የጳውሎስ ስብከት እስከ መንፈቀ ሌሊት ሲረዝም መስኮት ላይ ተቀምጦ አንቀላፋና ከሦስተኛው ደርብ ወደቀ። ጳውሎስ ወርዶ አቀፈው፤ ልጁም ዳነ። አውጤኪስ ስለ ማንቀላፋቱ ተገሠጸ የሚል ነገር ምዕራፉ ውስጥ አላገኘሁም። (ጳውሎስም ስብከቱን አላሳጠረም፤ እስኪነጋ ተነጋገረ። እኛ አስተማሪዎች ይህችን ክፍል በጣም እንወዳታለን።)

ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን ከማስተምራቸው ወጣቶች አንዱ ነው። በመዘምራን ውስጥ ያገለግል ነበር፤ ሦስት ጊዜ የማለዳ ጸሎት የቀረ ከመድረክ ይታገዳል የሚል ደንብ ነበረ፤ ታገደ። ቀን ይማራል፣ ከትምህርት በኋላ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ሱቅ ይሠራል። ከእገዳው በኋላ ከኅብረቱም ቀረ። ሄጄ ሳገኘው አንገቱን ደፍቶ "አስተማሪ፣ ጌታ እኔን የተወኝ ይመስለኛል፤ የምጸልይበት አቅም እንኳ የለኝም" አለኝ። ጸሎት ከተውክ ስንት ጊዜ ሆነህ አልኩት። መልሱን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። "መጸለዩንስ እጸልያለሁ፤ ቤተሰብ ሲተኛ ማድ ቤት ገብቼ፣ ከአራት ሰዓት ተኩል በኋላ። ግን እሱ ይቆጠራል እንዴ?"

ይህ ልጅ በየሌሊቱ ከምጣድና ከከሰል ማንደጃ መካከል ተንበርክኮ አንድ ሰዓት ያህል ሲጸልይ ኖሯል። አንድ ሰው እንኳ "ይቆጠራል" ብሎት አያውቅም። እኔ አልኩት። ከመዘምራን መሪዎች ጋርም ተነጋገርን፤ "ሥርዓት ይፈርሳል" ያሉ ነበሩ፣ ስጋታቸውንም አልንቀውም፤ በመጨረሻ የሐሙስ ምሽት ጸሎት እንደ ማለዳው ይቆጠር ተባለ። ልጁ ተመልሷል። አልፎ አልፎ አሁንም ይቀራል።

ስለ ዱካክ ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም፤ ምክንያቱም በምሥጢር ከሚነግሩኝ ነገሮች ዋነኛው ነው። ሌሊት ትነቃላችሁ፣ ሰውነታችሁ አይንቀሳቀስም፣ ደረታችሁን አንድ ነገር የተጫናችሁ ይመስላችኋል፣ መጮህ ያቅታችኋል። ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል ሰውነት ጡንቻዎቹን አላልቶ ይይዛቸዋል፤ ያለዚያ በሕልማችን የምንሮጠውን በእውን እንሮጥ ነበር። አእምሮ ከዚያ ቀድሞ ሲነቃ የሚሰማን ይህ ነው። እንቅልፍ የጎደለውንና የመኝታ ሰዓቱ የተዘበራረቀውን ሰው ደጋግሞ ይጎበኘዋል። "ኃጢአት ስላለብኝ ነው" እያሉ ከመተኛት የሚሸሹ ልጆች አጋጥመውኛል፤ መሸሹ ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል። በኢየሱስ ስም ጸልዩ፣ ከዚያም በቂ ተኙ። ሁለቱ አይጣሉም።

ሰዓታችሁ ዘግይቷል ማለት ግን በፍጹም አይነቃነቅም ማለት አይደለም። አንድ ክረምት ከወጣቶች ጋር መብራት ወዳልገባበት ገጠር ለወንጌል ሥራ ሄደን ነበር። በመጀመሪያው ሌሊት እንደ ልማዴ አፍጥጬ አደርኩ። በአምስተኛው ቀን ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ዓይኔ ይከደን ጀመር፤ ጠዋት ደግሞ ከዶሮው እኩል ነቃሁ። ቡድኑ ተአምር ነው ብሎ አጨበጨበልኝ። ከተማ በተመለስኩ በሳምንቱ ተአምሩ አበቃ። ልዩነቱ ብርሃን ነበር፤ እዚያ ጠዋት ሜዳ ላይ ነን፣ ማታ ከኩራዝ በቀር ብርሃን የለም። እዚህ ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ታጉረን፣ ማታ እስከ እኩለ ሌሊት አምፖልና ስልክ ላይ አፍጥጠን ነው የምንኖረው።

ስለዚህ ማለዳ መነሣት ግዴታ ለሆነባችሁ፣ ለትምህርትም ይሁን ለሥራ፣ ልምዴን ልንገራችሁ። ከቤት እንደወጣሁ ግማሽ ሰዓት ያህል በጠዋት ብርሃን በእግሬ እሄዳለሁ፤ ታክሲ የምይዘው ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ነው። ቅዳሜ እስከ 5 ሰዓት መተኛት ቢያምረኝም ከሌላው ቀን ከአንድ ሰዓት በላይ አላዘገይም፤ ያለዚያ ሰኞ ከውጭ አገር እንደመጣ መንገደኛ እሆናለሁ። ስልኬ የሚያድረው ሳሎን ነው፤ ማንቂያ ደወሉም እዚያው ስለሚጮህ ለማጥፋት መነሣት ግድ ይላል። ሌሊቱን ሙሉ ቪዲዮ ሲያዩ አድሮ "እኔ የሌሊት ሰው ነኝ" ማለትንም አልቀበልም። ያ የስልኩ ሰዓት ነው፤ የእናንተ የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ስልኩ ሌላ ክፍል ሲያድር ነው።

ቡናው ይከብዳል። የተጠጣ ቡና ኃይሉ ግማሽ የሚሆነው ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላ ነው፤ የ12 ሰዓቱ የምሽት ቡና ከምሽቱ 5 ሰዓትም ግማሹ ከእናንተ ጋር ነው። ግን ጎረቤት ጠርታችሁ "አልጠጣም" ማለት በእኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። እኔ አቦሉን ለሌሎች ትቼ በረካ ላይ እደርሳለሁ፤ ቀጭን ስለሆነች ብዙም አትጎዳም፣ ምርቃቱም አይቀርብኝም።

አልጋ ላይ ሆናችሁ እንቅልፍ እንቢ ካለ ደግሞ አትታገሉት። ተነሥታችሁ በደብዛዛ ብርሃን ተቀመጡ፤ ጸልዩ፣ ወይም ዝም በሉ፤ ዓይናችሁ ሲከብድ ተመለሱ። እንቅልፍ ማጣቱ ለሳምንታት ከቀጠለ፣ በተለይም ከተስፋ መቁረጥ ጋር ከመጣ፣ ይህ ስለ ሌሊት ሰውነት የጻፍኩት አይበቃችሁም። ለምታምኑት ሰው ንገሩ፣ ሐኪም ዘንድም ሂዱ። ሐኪም ቤት መሄድ እምነት ማጣት ነው የሚላችሁ ካለ ራስ ምታት ሲይዘው ምን እንደሚያደርግ በትሕትና ጠይቁት።

እኔ ጥሞናዬን ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ አድርጌዋለሁ። ረቡዕ ማለዳ ግን አባቶች በሚመሩት ጸሎት ላይ አልቀርም፤ ከእነሱ ጋር መሆን ደስ ስለሚለኝ ነው። ብትመጡ በሩ አጠገብ ያለው የመጨረሻው ወንበር ላይ ታገኙኛላችሁ፤ እዚያ ነፋሱ ይገባል።