ዓይኔ ቀልቶ፣ ትንፋሼ አጥሮ ያደርኩባት ሌሊት

በ1993 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ቶሮንቶ፣ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራ ነበር። ኦንታሪዮ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ለነዋሪው ሁሉ በነጻ መስጠት የጀመረችው በዚያ ዓመት ነው፤ አረጋውያን የምንንከባከብ ሠራተኞችም ተሰልፈን ተከተብን። መርፌው ምንም አልተሰማኝም።

ማታ ቤቴ ሽንኩርት ሳቁላላ ዓይኔ ቆረቆረኝ። ጢሱ መሰለኝ። መስታወት ሳይ ግን ሁለቱም ዓይኖቼ ደም መስለዋል፣ ቆባቸው አብጧል። ወዲያው ጉሮሮዬ ከረከረኝ፣ ሳል ያዘኝ፤ ደረቴ ተጨንቆ ስተነፍስ ሲር ሲር ይል ጀመር። ጋደም ስል አየር ስለሚያጥረኝ ትራስ ደራርቤ ቁጭ ብዬ አደርኩ።

በሌሊት አሰበ ተፈሪ ደወልኩ፤ እዚያ ነግቷል። እናቴ ድምፄን እንደሰማች «ይሄ ምች ነው! ዳማ ከሴ የሚያሽልሽ ሰው የለም?» አለች። ዳማ ከሴ ቶሮንቶ ከየት ይመጣል! እሷ ታለቅሳለች፣ እኔ ሳል እየቆራረጠኝ «ደህና ነኝ እማዬ» እላለሁ። ከሕመሙ ሁሉ ይበልጥ እስከ ዛሬ የሚያመኝ ይሄ ነው።

ጠዋት ያየኝ ሐኪም «ጉንፋን ነው፣ ከክትባቱ ጋር አይገናኝም» ብሎ ሸኘኝ። የመጦሪያው ነርስ ግን አመነችኝ፤ የክትባቱን ቀንና ምልክቶቹን ጠይቃ ቅጽ ሞላችልኝ። በማግሥቱ እብጠቱ ጎደለ፣ ትንፋሼም ተመለሰ።

ለካ ብቻዬን አልነበርኩም። በዚያ የክትባት ወቅት ካናዳ ውስጥ 960 ያህል ተመሳሳይ ሕመሞች ተመዘገቡ፤ ብዙዎቹ የታዩት በሴቶች ላይ ነው። ሕመሙም የዓይንና የመተንፈሻ አካላት ሕመም ተብሎ ስም ወጣለት። ከክትባቱ በኋላ ከ2 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ቀን ውስጥ ይለቃል። አጥኚዎች የጠረጠሩት ክትባቱ ውስጥ በደንብ ሳይበታተኑ ተጓጉለው የቀሩ የቫይረስ ቅንጣቶችን ነበር። አሠራሩ ሲስተካከል በተከታዩ ዓመት የታማሚው ቁጥር ቀነሰ። ያ የሆነው ሰው አፍ አውጥቶ ስለተናገረና የሚመዘግብ ስለተገኘ ነው። እኔም ከዚያ በኋላ በየዓመቱ፣ አስቀድሜ እየነገርኩ፣ ተከትቤአለሁ።

መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የኮቪድ ክትባት በኢትዮጵያ ሲጀመር ከአሰበ ተፈሪም፣ ከሂርናም፣ ከገለምሶም ስልክ ይደወልልኝ ጀመር። «አንቺን ክትባት አሳብጦሽ አልነበር? እንከተብ ወይስ ይቅርብን?» እህቴ ስኳር አለባት። ያለ ማመንታት «ተከተቢ» አልኳት። የኔን ሌሊት ላለመከተብ ምክንያት የሚያደርግ ሰው ያሳዝነኛል።

ዘመዶቼን የምለምነው እንዲህ ነው። ከተከተባችሁ በኋላ ቢያንስ 15 ደቂቃ ከዚያው አትነሡ። በደቂቃዎች ውስጥ ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ራሳችሁን ካዞራችሁ ጊዜ የማይሰጥ አደጋ ነው፤ አድሬናሊን ያስፈልጋል፣ ባለሙያውን ጥሩ። ቤት ከገባችሁ በኋላ ዓይናችሁ ቢቀላና ደረታችሁ ቢጨነቅም ዳማ ከሴ አሽትታችሁ አትተኙ። ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ የትኛውን ክትባት በስንት ሰዓት እንደወሰዳችሁ ንገሩ፣ እንዲመዘገብም ጠይቁ።