«እጄ ነው»

አባዬ በአንድ ሳምንት 9 ምላጭ ሰበረ። ዘጠነኛው ጧ ብሎ ሲበጠስ ማሽኑን አጠፋ፣ በአሮጌ አንሶላ ሸፈነውና «እጄ ነው» አለኝ። ሌላ ምንም አልተናገረም።

አባዬ 30 ዓመት ያህል አናጢ ነበር። እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ግን መጋዝ ጨብጦ አያውቅም። ሳሊተ ምሕረት ግቢያችን ጥግ ላይ ያለችው የቆርቆሮ ወርክሾፑ የውሃ ጀሪካን ማስቀመጫ ሆና ቀርታለች። አክስቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ያገለገለ ስክሮል ሶው ያስመጣሁት ለዚህ ነበር። እዚህ ማሽን ላይ መጋዙን የሚያንቀሳቅሰው ሞተሩ ነው። የሰው ሥራ እንጨቱን በሁለት እጅ ጠረጴዛው ላይ ተጭኖ ማዞር ብቻ ነው። ቀጭኗ ምላጭ እንደ መርፌ ወደ ላይና ወደ ታች ስለምትሮጥ አባዬ «ስፌት መኪናው» ይለዋል።

እኔ ውሎዬ ኮድ ነው። ደንበኛ «እኔ ነኝ ያበላሸሁት» ቢለኝ እንኳ ሎጉን ሳላይ አላምንም። «እጄ ነው» የሚለውንም እንደዛው አልተቀበልኩትም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት መብራቱን ነው። ማሽኑ ለአሜሪካ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ የተሠራ ነው፤ የኛ ደግሞ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ኸርዙን አይነካም። የዚህ ማሽን ሞተር ኢንዳክሽን ስለሆነ ፍጥነቱ ኸርዙን ይከተላል፤ ስለዚህ አንድ ስድስተኛ ያህል ይቀንሳል። ሁለት ምሽት አስልቼ በኩራት ለአባዬ ነገርኩት።

«ቀስ ካለማ ለኔ ጥሩ ነው» አለ።

ልክ ነበር። ዝግ ማለቱ ብቻውን ምላጭ አይሰብርም።

ከዚያ በሥራዬ እንደለመድኩት አንድ በአንድ ሄድኩ። ጥርሶቹ ወደ ታች ያያሉ? ያያሉ። ጠረጴዛው ከምላጩ ጋር ቀጥ ያለ ነው? ለዚህ ስኳድራ እንኳ አያስፈልግም። ወፍራም ቁራጭ እንጨት ጫፉን ትንሽ ብቻ ትቆርጡና፣ እንጨቱን አዙራችሁ ያንን ቁርጥ ከምላጩ ጀርባ ታስጠጉታላችሁ። ምላጩ ሳይጋጭ ከገባበት ጠረጴዛው ልክ ነው። ገባ።

ቀጥሎ ውጥረቱ። ምላጩን እንደ ክራር ክር በጣት ነካ ሲያደርጉት ጥርት ያለ ቀጭን ድምፅ መስጠት አለበት። ሲጀመር ይሰጣል። ማሽኑን አንድ ደቂቃ አስኬጄ፣ አጥፍቼ፣ ሶኬቱን ነቅዬ ስነካው ግን ድምፁ ወፍሯል። እዚህ ጋ ነው ያገኘሁት። ምላጩ ከላይኛው መያዣ ውስጥ ቀስ እያለ ይንሸራተት ነበር። አዲሶቹ ምላጮች እንዳይዝጉ ዘይት ተቀብተዋል፤ የመያዣው ብሎን ጫፍም ከማገልገል ብዛት ልሙጥ ሆኗል። የላላ ምላጭ ደግሞ ይጣመማል፣ በመጨረሻም ይበጠሳል። የምላጩን ሁለት ጫፎች በአልኮል ጠረግኩ፣ የብሎኑን ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት ሻከር አደረግኩት፣ በብሩጎላ አጠበቅኩት። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ድምፁ ያው ነው።

«አባዬ፣ እጅህ አይደለም። ዘይት ነው።»

አንሶላውን ራሱ አነሳው። ከድሮ ቁርጥራጮቹ መሃል አንድ ዋንዛ መረጠና ለእማዬ የግድግዳ መስቀል በእርሳስ ነደፈበት። የውስጡን ቅርፅ ለማውጣት መጀመሪያ ቀዳዳ ይበሳል፤ ምላጩ ከላይ ተፈትቶ በቀዳዳው ያልፍና ተመልሶ ይታሰራል። ለእያንዳንዱ ቀዳዳ እንደዛ ነው። ያንን ትንሽ ብሎን ማሰር የአባዬ ጣት አይችልም። ስለዚህ እኔ አስራለሁ፤ እሱ ምላጩን በጣቱ ነክቶ ያዳምጥና «ጨምር» ይለኛል። እስኪበቃው ድረስ።

እጁ አሁንም ይንቀጠቀጣል። የመስቀሉ ግራ ክንድ ላይ ቁርጡ ከእርሳሱ መስመር ወጣ ብሏል። እኔም አየሁት፣ እሱም አየው። ስለ ጠረጴዛው፣ ስለ ሞተሩ፣ ስለ ሌላ ነገር አንድ ሰበብ ልፈልግ ስል ቀደመኝ።

«ይሄኛውማ የኔ ነው» አለ፤ ሰጋቱራውን እፍ አለና ቀጠለ።