ልጄ የማትኖርበት ቤት

እንግሊዝ ውስጥ ከከተማ መሃል በእግር የሚደረስባቸው፣ ለጡረተኞች ብቻ የሚሸጡ አፓርታማዎች አሉ። ብዙዎቹ ዕድሜው 60 ያልሞላ ነዋሪ አይቀበሉም። ሊፍት፣ የጋራ ሳሎን፣ የልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ በክፍያ የሚያዝ የእንግዳ ክፍል አላቸው። የወደቀ ሰው ጎትቶ እርዳታ የሚጠራበት ገመድም አለ። ልጄ የወደደችው እሱን ነው። «እማዬ፣ ግዢውና እኔም እንቅልፍ ልተኛ» ትለኛለች።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። የምገዛው በሊዝ ነው፤ ሕንፃውም መሬቱም የሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ከአፕሪል 2023 ወዲህ በሚፈረሙ አዲስ የጡረታ ቤት ውሎች የመሬት ኪራይ ቀርቷል። የአገልግሎት ክፍያው ግን አለ፤ ባለቤቱ ሲሞትም አይቆምም፣ ቤቱ እስኪሸጥ ከውርሱ ይከፈላል። ልጄ ደግሞ ዕድሜዋ ስላልደረሰ ልትገባበት አትችልም። ቤት ለልጅ ይተርፋል እየተባለ ላደገ ሰው ይህ ይከብዳል።

የጋራ ሳሎኑን ሳይ የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች የጋራ ሕንፃ ትዝ አለኝ። እዚያ በግ ይታረዳል፣ እንጀራ ይጋገራል፣ ለቅሶ ይቀመጡበታል። እዚህ ወንበሩ ምቹ ነው፤ ሰውን የሚሰበስበው ግን ጉዳይ ነው። ጀበናዬን ይዤ ብወርድ ማን አብሮኝ ይጠጣል? ዕጣኑስ የጭስ ማስጠንቀቂያውን ያስጮኸው ይሆን?

እንዲያም ሆኖ የልጄን እንቅልፍ አቅልዬ አላይም። ከመፈረሜ በፊት ግን ጠበቃዬን የምጠይቀው አለኝ፦ ከሞትኩ በኋላ ቤቱ አንድ ዓመት ሳይሸጥ ቢቆይ ስንት ይከፈላል? መልሱን ልጄም አጠገቤ ተቀምጣ ትስማው።