ታንክ ስንቆጥር

በ1983 ዓ.ም. ጥርና የካቲት ፍኖተ ሰላም ላይ ጠላ ቤት የገባ ሁሉ የጦር አዛዥ ሆኖ ይወጣ ነበር። መንግሥት ስንት ታንክ ቀረው፣ ሚግ ከደብረ ዘይት ተነሥቶ ጎንደር እስኪደርስ ስንት ደቂቃ ይፈጃል፣ ቢኤም ሮኬት አንዴ ሲተፋ ምን ያህል መሬት ያቃጥላል፤ ወሬው ይኸው ነበር። ድምፅ ዝቅ ተደርጎ፣ አንድ ዓይን ወደ በሩ ተጥሎ። ማታ የጀርመን ድምፅን ወይም የአሜሪካ ድምፅን ያዳመጠ ሰው በማግሥቱ ጠላው በነፃ ይቀዳለታል። እኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ፤ ጥግ ይዤ እሰማለሁ።

በቁጥር ከሆነ ክርክሩ ገና ሳይጀመር ያለቀ ነው። የደርግ ጦር ከሰሃራ በታች ካሉት የአፍሪካ ሠራዊቶች ትልቁ ይባል ነበር። ወዲያኛው ወገን ግን ምን ይቆጠርለታል? ኢህአዴግ የሚለው ስም ገና አፋችን ላይ አልገባም፤ ለእኛ ሁሉም ወያኔ ነበር። ክላሽ፣ ኮንጎ ጫማ፣ ቁምጣ፣ አለቀ። አንድ ጡረታ የወጡ ሃምሳ አለቃ «በእግሩ የሚሄድ ሰው ታንክን ምን ሊያደርገው ነው?» እያሉ ጠረጴዛውን ይመቱ ነበር። መልስ የሚሰጣቸው አልነበረም።

መልሱ የነበራቸው አንድ የቡሬ ሽማግሌ፣ የጣሊያን ጊዜ አርበኛ ናቸው። በየካቲት 1933 ቡሬ ላይ መሽጎ የነበረው የጣሊያን ጦር፣ በእንግሊዛዊው ኮሎኔል ዊንጌት ከሚመሩት ሱዳናውያንና ኢትዮጵያውያን በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። ምሽጉን ትቶ ወደ ደብረ ማርቆስ የሄደው ግን እሱ ነው። «ጣሊያን የወጣው ተመትቶ አልቆ አይደለም» ይሉ ነበር ሽማግሌው፤ «የሚመጣበት ጦር የትየለሌ መስሎት፣ አገሬውም ፊቱን አዙሮበት ነው።» የሽማግሌ ተረት አልነው። ዛሬ ሳስበው በዚያ ጠላ ቤት ስለ ጦርነት የሚያውቅ ሰው ቢኖር እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ታንኩ በእርግጥ ነበረ። የሚያዝዘው ግን እየጠፋ ነበር። በመጋቢት 1980 ኤርትራ ውስጥ አፍዓበት ተሰበረ፤ በየካቲት 1981 ሽሬ ላይ 604ኛው ኮር ተደመሰሰና መንግሥት ትግራይን ለቅቆ ወጣ። ከሦስት ወር በኋላ የጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ከሸፈ፤ በግንቦት 1982 ደግሞ 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ። መንግሥት ሠራዊት የሚመሩትን መኮንኖቹን በገዛ እጁ ከፈጀ በኋላ ታንክ መቁጠር ምን ይረባል? ሞስኮም በጎርባቾቭ ጊዜ እጇን እየሰበሰበች ነበር። ኢህአዴግ በበኩሉ ሌሊት ይጓዛል፣ የማረከውን መሣሪያ መልሶ ይተኩሳል፣ ከየውጊያው በኋላ አዛዡንም ተራ ተዋጊውንም በግምገማ ያበጥራል። ከሻዕቢያ ጋር የነበረው ኅብረትም ቀላል ጉልበት አልነበረም።

የመንግሥት እውነተኛ ድካም የሚታየው ግን ገጠር ነበር። እኔ ያየሁት ከቡሬ በታች፣ አጎቴ ዘንድ ነው። አያ (ሁላችንም እንዲህ ነበር የምንጠራው) የገበሬ ማኅበር ኮሚቴ አባል ነበር። ምዕራብ ጎጃም የጤፍና የበቆሎ አገር ስለሆነ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ኮታ በርታ ብሎ ያረፈው እኛ ላይ ነበር፤ ገበሬው ገበያው ከሚያወጣው እጅግ ባነሰ ዋጋ እህሉን ያስረክባል፣ የተረፈውን ወደ ሌላ አገር እንዳይጭን ኬላው ይይዘዋል። ቀጥሎ መንደር ምሥረታው መጣ። ሰው ከጓሮው፣ ከጌሾውና ከከብቶቹ በረት ተነቅሎ በቀጥታ መስመር ተደረደረ። ከሁሉ የከፋው ብሔራዊ ውትድርናው ነበር። ለቀበሌው የልጅ ቁጥር ይመደባል፤ የማንን ልጅ እንደሚልኩ የሚወስኑት ደግሞ አያና ጓደኞቹ ናቸው። ጎረምሶች ዱር ያድሩ ነበር። በአፈሳ የተያዘ ልጅ መኪና ላይ ተጭኖ ሲሄድ እናቱ መኪናውን ሳይሆን የአያን ቤት ነበር የምትረግመው። እንዲህ ተሰብስቦ ሰሜን የተላከ ልጅ ለማን ይሞታል?

በየካቲት 1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ታወጀ፤ ኮታው ተነሣ። ገበሬው በሳምንታት ውስጥ መንደሩን አፍርሶ፣ ቆርቆሮውንና ማገሩን ተሸክሞ ወደ ቀድሞ ጓሮው ተመለሰ። ለእኔ የጎጃም ጦርነት ያለቀው ያን ጊዜ ነው፤ ተኩሱ የመጣው ዘግይቶ ነው።

የኢህአዴግ ዘመቻ ቴዎድሮስ የካቲት 16 ቀን 1983 ተጀመረ። የካቲት 24 ባሕር ዳር ተያዘች። ከዚያ በኋላ የደብረ ማርቆስ መንገድ በብትን ወታደር ተሞላ፤ ጫማ የሌለው፣ እግሩ ያበጠ፣ ክላሹን በእንጀራና በአሮጌ ጋቢ የሚለውጥ። የአገራችን ሰው አብልቶ ሸኘው። ማን ይጨክናል፣ የእኛም ልጆች በሌላ መንገድ እንዲሁ እየመጡ ይሆናል እየተባለ። ሃምሳ አለቃውም ቤታቸው ሦስት ወታደር አሳደሩ፤ ስለ ታንክ ግን ሲያወሩ ደግሜ አልሰማኋቸውም።

ታጋዮቹ ሲገቡ ያስደነገጠን አማርኛቸው ነው። ብዙዎቹ የኢህአዴግ አባል ድርጅት የሆነው የኢህዴን ሰዎች፣ የወሎና የጎንደር ልጆች ነበሩ። ሕዝቡን ሜዳ ላይ ሰብስበው ንግግር አደረጉ። ደርግ ይወድቃል ሲሉ ጭብጨባው አገር አናወጠ። የብሔር ብሔረሰቦች መብት እስከ መገንጠል ሲሉም አጨበጨብን፤ እጃችን ገና አልቀዘቀዘም ነበር። ያ ሁሉ ወር ጠላ ቤት ስንከራከር ስለ ጉልበታቸው እንጂ ስለ ዓላማቸው አንድ ቀን እንኳ አላነሣንም። እንዲያውም ሁለቱም ወገኖች ማርክስን የሚጠቅሱ ስለነበሩ አንዱን ከሌላው በንግግር መለየት ያስቸግር ነበር። መንግሥት ሕይወት የሚጠይቀው ለአንድነት ነው፤ ሻዕቢያ የሚፈልገው ኤርትራን ይዞ መሄድ ነው፤ ኢህአዴግ አራት ኪሎን ይዞ አገሪቱን በብሔር ሊያዋቅር ይፈልጋል። ኢህአፓም በምዕራቡ ቆላ የራሱን ጦር ይዞ ነበር፤ እሱንም በዚያው ዓመት ያባረረው ያው ያጨበጨብንለት ጦር ነው። እነዚህ ሁሉ አንድ ደርግን በመጥላት ይገናኙ ነበር እንጂ ከዚያ ወዲያ ማን ከማን ጋር ውሎ ያድራል?

ጦሩ ከቡሬ በነቀምት መንገድ ወደ ወለጋ ተሻገረ። ግንቦት 13 መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥሎ ሄደ፤ ግንቦት 20 አዲስ አበባ ተያዘች።

የኢህአዴግ ዓላማ እኛ ዘንድ የደረሰው በ1989 ነው፣ በመሬት መለኪያ ገመድ። የክልሉ የመሬት ድልድል ሲመጣ በንጉሡና በደርግ ጊዜ ሹመት ላይ የነበረ ሁሉ «የፊውዳል ቅሪት» ወይም «ቢሮክራት» ተባለ፤ ከ4 ቃዳ፣ ማለትም ከአንድ ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተወሰነ። አያ ቢሮክራት ሆነ። ማንበብ እንኳ በመሠረተ ትምህርት የለመደ ሰው ነው። በስብሰባው ላይ ተነሥቶ «የመረጣችሁኝ እናንተ አይደላችሁም ወይ? እጅ ያወጣችሁት?» አለ። ልጆቻቸው በእሱ ኮሚቴ በኩል የተላኩባቸው እናቶች እዚያው ተቀምጠው ነበር፤ አንዳቸውም አልመለሱለትም። እኔ የእህቱ ልጅ ነኝና ላዝንለት ይገባል፤ አዝኛለሁም። የእነሱን ዝምታ ግን ሐሰት ልለው አልችልም።

ከጎጃም ተነሥተው አዲስ አበባ ድረስ አቤት ያሉ ገበሬዎች ነበሩ። አያ አልሄደም። በተከታዩ ክረምት ከእሱ ተቆርሶ ለጎረቤቱ የተሰጠውን ማሳ፣ ጎረቤቱ በሬ ስላልነበረው፣ በእኩል ያርስለት ጀመር።