የብረት በቅሎ

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚለውን አባባል ሳትሰሙ አልቀራችሁም። መሣሪያ ከቦታው ያደርሳል፤ ሥራውን የሚሠራው ግን ሰው ነው ማለት ነው። እኔ ይህን በሚገባ የተረዳሁት በፈረስ ጀርባ ላይ ሳይሆን በአንዲት አሮጌ ሞተር ብስክሌት ላይ ተቀምጬ ነው። ትምህርቱም በነፃ ስላልተገኘ ታሪኩን ላጫውታችሁ እወዳለሁ።

በወጣትነቴ በእንስሳት ጤና ረዳትነት ተመድቤ መካነ ሰላም እሠራ ነበር። መካነ ሰላም በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ክፍል፣ 2600 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ደጋ ላይ የተቆረቆረች የቦረና ከተማ ናት። ከእርሷ በስተሰሜን፣ ወደ ሳይንት አቅጣጫ፣ ምድሩ ይበልጥ ከፍ እያለ ሄዶ ጭጋግ ከማይለየው ከደንቆሮ ደን ይደርሳል። በስተምዕራብ ደግሞ ቁልቁል ወርዶ ዓባይ ሸለቆ ውስጥ ይገባል። ይህን ዳገትና ቁልቁለት የምመላለስበት አንዲት ብዙ እጅ የተፈራረቀባት ያማሃ ተሰጠችኝ። ዘይትና ቤንዚን አብራ እያቃጠለች ሰማያዊ ጭስ የምትተፋ ስለነበረች የከተማው ልጆች ከሩቅ ድምፅዋን ሲሰሙ «ዶቅዶቄዋ መጣች!» ይሉ ነበር። እኔ ግን «የብረት በቅሎዬ» እላት ነበር።

በቅሎዬ አንድ አስቸጋሪ ጠባይ ነበራት። ወደ ቆላው ስወርድ እንደ ግልገል ትፈነጥዛለች፤ ወደ ደጋው ስመለስ ግን ታለከልካለች። ምክንያቱን ለመረዳት የእናቶቻችሁን ማድቤት አስቡ። ደጋ ላይ ባቄላ ቶሎ አይበስልም፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ውሃው 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ91 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላልና። ሞተርም እንደ ሰው ይተነፍሳል። ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል በቂ አየር ያስፈልገዋል። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይተርፋል፤ የተረፈውም ካንዴላውን በጥላሸት ይለውሰዋል፤ ኃይሉም ይቀንሳል።

በዚያ ዘመን ደሴ ከሚገኝ አንድ ጋራዥ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የሞተር ብስክሌት ሥዕል አየሁ። ቱርቦ የተገጠመለት ሆንዳ ነበር። ቱርቦ ማለት ሞተሩ የሚተፋውን ጭስ ሥራ ላይ የሚያውል መሣሪያ ነው። ጭሱ ትንሽ ተርባይን ያሽከረክራል፤ ተርባይኗም በአንድ ዘንግ የተያያዘችውን መዘውር አዙራ አየሩን አምቃ ወደ ሲሊንደሩ ታስገባለች። አልፍሬድ ቡኺ የተባለ የስዊስ መሐንዲስ ለዚህ ዐሳብ የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። ከእ.ኤ.አ. 1982 ጀምሮ ደግሞ ሆንዳ፣ ያማሃ፣ ሱዙኪና ካዋሳኪ በተከታታይ ቱርቦ ያላቸውን ሞተር ብስክሌቶች ለገበያ አቀረቡ። ይሁን እንጂ ክብደታቸው፣ ዋጋቸውና የአሠራራቸው ውስብስብነት ገዢ ስላሳጣቸው ጥቂት ዓመታት ብቻ ቆይተው ቀሩ። ዛሬ የአሮጌ ሞተር ወዳጆች ናቸው እየተንከባከቡ የሚያኖሯቸው።

እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ በየዳገቱ ላይ «ቱርቦ ቢኖራት ኖሮ!» እያልሁ መመኘት ያዝሁ። አንድ ጊዜ ደጋውን፣ አንድ ጊዜ የሞተሯን እርጅና እረግማለሁ። በመቆጣጠሪያ መዝገቧ ላይ ግን በየሳምንቱ «የአየር ማጣሪያ ታጥቧል» ብዬ እፈርም ነበር። አንድም ቀን ከፍቼ አላየሁትም።

በበጋ ወራት በሳይንት አቅጣጫ ባለች መንደር የበግ ፈንጣጣ ገባ። ገበሬዎቹ በማለዳ በጎቻቸውን እንዲሰበስቡ ቀጠሮ ሰጠሁ። ክትባቱን በበረዶ ሣጥን ውስጥ አድርጌ፣ ሣጥኑን ከኋላዬ አስሬ ተነሣሁ። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት ነበረበት። ዳገቱን አጋምሼ ሳለሁ ሞተሯ ሁለት ጊዜ አሳለችና ቀጥ አለች። ላብ እስኪያጠምቀኝ ድረስ መነሻዋን ብረግጥ አልተነሣችም። ካንዴላውን ብፈታው ከሰል መስሏል። በመጨረሻ የአየር ማጣሪያውን ከፈትሁ። የወራት አቧራ ከዘይት ጋር ተላቁጦ እንደ ጭቃ ተለጥፎበታል። በቅሎዬን ያነቃት የደጋው አየር ሳይሆን የእኔ ስንፍና ነበር።

ማጣሪያውን በቤንዚን አጥቤ፣ አድርቄና ዘይት ቀብቼ፣ ካንዴላውንም ፍቄ ሞተሯን እስካስነሣ ድረስ ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። መንደር ስደርስ በረዶው ቀልጦ ውሃው ሞቋል። ገበሬዎቹ ከማለዳ ጀምረው በጎቻቸውን አግደው ይጠብቁኝ ነበር። በዚያች ሰዓት ሁለት መንገድ ቀረበልኝ። አንደኛው፣ የተበላሸውን ክትባት ወግቼ ተመስግኜ መመለስ፤ ማንም አያውቅብኝም ነበር። ሁለተኛው፣ እውነቱን መናገር። መዝገቡ ላይ ያኖርሁት ፊርማ ትዝ አለኝና ሁለተኛውን መረጥሁ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ዝም ብለው ከሰሙኝ በኋላ፣ «ልጄ፣ በቅሎህን ገለባ ሳታቀምስ ነው የተነሣኸው» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «ብትወጋልን ኖሮ ግን ዳኑ ብለን እንተኛ ነበር። መናገርህ ደግ ነው» አሉ።

በአራተኛው ቀን አዲስ ክትባት ይዤ በማለዳ ደረስሁ። ከእኒያ ሽማግሌ ሰባት በጎች ሁለቱ ሞተው ነበር። አልወቀሱኝም፤ ቆዳቸው የተቀበረበትን ቦታ ብቻ አሳዩኝ። የክትባት ኃይል በአካል ውስጥ እስኪጠነክር ቀናት ስለሚፈጅ፣ በቀጠሮው ብደርስም እነዚያ ሁለቱ ይሞቱ ይሆናል። ነገር ግን «ይሆናል» የሚለው ቃል የሚያጽናናው የድርሻውን የተወጣን ሰው ነው፤ እኔን አላጽናናኝም።

ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ማጣሪያውን አጥባለሁ፤ ካንዴላውን እፍቃለሁ፤ ካቴናውን ዘይት እቀባለሁ። ደሴ ካለው መካኒክም በካርቡራተሩ ውስጥ የቤንዚን ማሳለፊያ የሆነችውን ባለ ቀዳዳ የነሐስ ቁራጭ በጠበበች ቀዳዳ አስለወጥሁ፤ ስስ አየር ጥቂት ቤንዚን ይበቃዋልና። ወደ ቆላ ለብዙ ቀን ስወርድ ግን የቀድሞዋን እመልሳለሁ፤ እዚያ ቤንዚኑ ካነሰ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል። በቅሎዬም ለደጋው ዳገት በቃች፤ ፈጣን ባትሆንም አላሳፈረችኝም።

ቱርቦውስ? ኋላ ላይ እንደተማርሁት ቱርቦ ያለው ሞተር ከእኔዋ የባሰ እንክብካቤ ይሻል። መዘውሩ በደቂቃ ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ ስለሚዞር ንጹሕ ዘይት ካላገኘ ይቃጠላል፤ ማጣሪያው ከቆሸሸም ይጎዳል። ከሩጫ በኋላ ሞተሩ ጥቂት ሳይቀዘቅዝ በድንገት ማጥፋትም አይገባም። አንዲት ስፖንጅ ማጠብ ያቃተው ሰው ያን ቢሰጡት በምን ያኖረዋል?

እንግዲህ እናንተም የተሻለ መሣሪያ ስትመኙ፣ በእጃችሁ ያለውን አስቀድማችሁ ክፈቱና እዩት። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ ያልሠራችሁትንም ሠርቻለሁ ብላችሁ አትፈርሙ። ፊርማው ወረቀት ላይ ይቀራል፤ ዕዳው ግን ዳገቱ ላይ ይጠብቃችኋል።